ከሲቲ ክፍል ወደ ዶሲሜትሪ፦ ለሆስፒታል ሥልጠና ከደሴ ሆኖ እንዴት ይዘጋጁታል?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ራዲዮግራፈር ነኝ፣ ደሴ ሲቲ ክፍል ነው የምሠራው። የአንድ ዓመት የሜዲካል ዶሲሜትሪ (የጨረር ሕክምናን አቅጣጫና መጠን የማቀድ ሙያ) ሥልጠና ለማመልከት እየተዘጋጀሁ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚማሩበት ዓይነት ነው። ራጅና ሲቲ አያስቸግሩኝም። ሊናክ (የጨረር ሕክምና ማሽኑ) ግን በምሠራበት ቦታ ስለሌለ የማውቀው በቪዲዮ ብቻ ነው፤ የጨረር ሕክምና የሚያስፈልጋቸውን ታካሚዎች ወደ አዲስ አበባ ነው የምንልካቸው።

ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው። ዶሲሜትሪስት ከሲሙሌሽን እስከ ሕክምናው ቀን ድረስ በትክክል የሚሠራው ምንድን ነው? ሒሳቡ ምን ያህል ይከብዳል? ሶፍትዌሩን ቀድሞ መልመድ ይጠቅማል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው? ደግሞስ እንዲህ ያለ ሥልጠና ጨርሶ የአሜሪካኑን ሲኤምዲ (የዶሲሜትሪስት ብቃት ማረጋገጫ) ፈተና መውሰድ ይቻላል? የምታውቁ እህታችሁን ምከሩ።


ፕላን ክፍል (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ ሲቲ ማወቅሽ ትልቅ ስንቅ ነው። መጀመሪያ መተው ያለብሽ ልማድም ግን ያለው እዚያው ሲቲ ላይ ነው።

የምርመራ ሲቲ የሚነሣው በሽታውን ለማየት ነው። የሲሙሌሽን ሲቲ የሚነሣው ደግሞ ታካሚዋ ለአምስትና ለስድስት ሳምንት በየቀኑ ልትደግመው የምትችለውን አተኛኘት ለመያዝ ነው። ስለዚህ አልጋው እንደ ሕክምናው አልጋ ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ጎድጎድ ያለው የምርመራ አልጋ የጀርባና የዳሌን ቅርጽ ይለውጣል። የትንፋሽ ቁጥጥር ካልታዘዘ በቀር «ትንፋሽ ያዢ» አይባልም፤ ስትታከም እንደልቧ እየተነፈሰች ነውና። የምስሉ ክልል የቆዳውን ዙሪያ በሙሉ መያዝ አለበት። ለራዲዮሎጂስት የጎን ቆዳ ቢቆረጥ ግድ አይሰጠውም፤ ለፕላን ግን ኮምፒውተሩ ጨረሩ ስንት ሴንቲሜትር ሥጋ እንዳቋረጠ የሚያሰላው ከቆዳው ተነሥቶ ነው፣ ስለዚህ የተቆረጠ ቆዳ የተሳሳተ ስሌት ማለት ነው። የእያንዳንዱ የምስል ስላይስ (ቁራጭ) ውፍረት ለዳሌና ለደረት ከ2.5 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው፤ ለጭንቅላት ስቴሪዮታክሲ (በጠባቡ ለሚነጣጠር ጨረር) 1 ሚሊሜትር ይኬዳል። ከመነሣቱ በፊት በሌዘሩ መስመር ላይ ሦስት ነጥብ፣ ፊት ለፊት አንድ፣ ግራና ቀኝ አንድ አንድ፣ በብረት ኳስ ምልክት ይደረጋል። ፕላኑ ሁሉ የሚለካው ከእነዚህ ነጥቦች ነው።

ከዚያ ምስሉ ወደ ፕላኒንግ ሲስተም ይገባል። ዕጢውንና ሊዛመት የሚችልበትን ክልል ሐኪሙ ይሥላል፤ በዙሪያው ለአቀማመጥ ልዩነት ኅዳግ ሲጨመርበት ጠቅላላው ክልል ፒቲቪ ይባላል። መጠበቅ ያለባቸውን ጤነኛ አካላት የምትሥዪው አንቺ ነሽ። ሠልጣኝ አብዛኛውን ወር የሚያሳልፈውም እዚህ ላይ ነው። በኮምፒውተር የሚሥል ፕሮግራም ቢኖርም ስላይስ በስላይስ ታይቶ ይታረማል። ኮምፒውተሩ ሰገራ የሞላበትን አንጀት ፊንጢጣ ብሎ ሊሥል ይችላል፤ ፊንጢጣው የት አልቆ ሲግሞይድ የት እንደሚጀምር ማየት የሰው ሥራ ነው። ክቡ ቅርጽ ጠፍቶ አንጀቱ ወደ ፊት ሲታጠፍ፣ ያ ነው ወሰኑ።

የመጠን ገደቦቹን በቃል መያዝ ይኖርብሻል። በቀን 2 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ በሚሰጥ ሕክምና ኅብለ ሰረሰር 45 ግሬይ ላይ ይቆማል፣ ግፋ ቢል 50። ግንደ አንጎል 54። የፓሮቲድ ዕጢ አማካይ ከ25 ባይበልጥ ምራቅ ይተርፋል። ሳንባ ላይ 20 ግሬይና ከዚያ በላይ የሚያገኘው ክፍል ከ30 እስከ 35 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ኅብለ ሰረሰር ላይ ከፍተኛው ነጥብ፣ ሳንባ ላይ ደግሞ በመቶኛ የሆነበትን ምክንያት ተረጂ እንጂ ቁጥሩን ብቻ አትሸምድጂ። ሰረሰሩ አንድ ቦታ ላይ ከተጎዳ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይቋረጣል፤ ሳንባ ግን ጥቂቱ ቢጎዳ የቀረው ይሠራል። ይህን የያዘ ሰው ያላየው ገደብ ቢመጣበትም የትኛውን አካል በምን ዓይን እንደሚያይ አይቸገርም።

ቀጥሎ የጨረሩን አቅጣጫ፣ ኃይልና ቅርጽ ትመርጫለሽ፣ ኮምፒውተሩ ያሰላል፣ ዲቪኤች የተባለው ግራፍ፣ የየአካሉ ስንት በመቶ ስንት መጠን እንዳገኘ የሚያሳየው፣ ይወጣል። የተለመደው መለኪያ 95 በመቶው የፒቲቪ ክፍል ከታዘዘው መጠን ቢያንስ 95 በመቶ እንዲያገኝና ከፍተኛው ከ107 በመቶ እንዳያልፍ ነው። ጀማሪ የሚሸወደው ዲቪኤቹን አይቶ ሲፈርም ነው። ግራፉ «የት» የሚለውን አይነግርሽም። 108 በመቶ ዕጢው መሃል ላይ ቢሆን አያስጨንቅም፤ የፊንጢጣ ግድግዳ ላይ ከሆነ ግን ፕላኑ ይመለሳል። ሁሌም ምስሉን ከላይ እስከ ታች አሽከርክረሽ እዪ።

ከዚያ ሐኪሙ ያጸድቃል፣ ፊዚሲስቱ (የጨረር ፊዚክስ ባለሙያው) ለብቻው ያሰላዋል፣ ወደ ማሽኑ ይላካል። የሠራው ሰው ራሱን አይፈትሽም፤ ይህ ሕግ ነው።


ቦርከና (ኮምቦልቻ)

እህታለም፣ ሒሳቡን አትፍሪው። መደመር፣ ማካፈል፣ ካሬና ኤክስፖኔንሻል ከቻልሽ በቂ ነው። የሚጥለው የትኛው ቁጥር ከየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚነሣ አለማወቅ ነው።

ይህቺን በወረቀት ሥሪያት። ባለ 6 ሜጋቮልት ሊናክ፣ ከምንጩ እስከ ቆዳው 100 ሴንቲሜትር፣ ፊልዱ (የጨረሩ መክፈቻ) 10 በ10፣ እንዲህ ሲሆን በ1.5 ሴንቲሜትር ጥልቀት 1 ሞኒተር ዩኒት (ማሽኑ የሚለቀውን ጨረር የሚቆጥርበት) 1 ሴንቲግሬይ (የግሬይ መቶኛ) እንዲሰጥ ተስተካክሏል እንበል። 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ የሚደርሰው 67 በመቶ ያህል ነው። እዚያ 200 ሴንቲግሬይ ለማድረስ 200 ለ0.67 ሲካፈል 299 ሞኒተር ዩኒት ይሆናል። አሁን ወደ ኋላ ተመለሺና ቆዳው ሥር በ1.5 ሴንቲሜትር ላይ ያለው ሥጋ ስንት አገኘ በይ፦ 299 ሴንቲግሬይ። ዕጢው 200 ሲያገኝ ጤነኛው ሥጋ አንድ ተኩል እጥፍ! ለዚህ ነው ከፊትና ከኋላ ተቃራኒ ፊልድ የሚደረገው። ውፍረቱ 20 ሴንቲሜትር ከሆነ ከእያንዳንዱ 149 ይበቃል፤ ያቺ 1.5 ሴንቲሜትር ላይ ያለች ነጥብ ከፊተኛው 149፣ ከኋላኛው መውጫ ደግሞ 60 ምናምን ታገኝና ወደ 210 ትወርዳለች።

ርቀት ላይ ቀልድ የለም። 100 መሆን የነበረበት 105 ቢሆን 100 ለ105 አካፍለሽ ካሬ ስታደርጊው 0.907 ነው። በ5 ሴንቲሜትር ስሕተት 9 በመቶ ሄደ ማለት ነው።

ኮባልት ማሽን ላይ የምትሰጪው ሞኒተር ዩኒት ሳይሆን ሰዓት ነው፤ ምንጩ በ5.27 ዓመት ስለሚገመስ በየወሩ 1.1 በመቶ ገደማ ይደክማል። የሰዓት ሠንጠረዡ ለስድስት ወር ሳይታደስ ቢቀር ሁሉም ታካሚ 6 በመቶ ያህል ይጎድልበታል፣ ማንም ሳያውቅ።

ሁለት ፊልዶች ጫፍ ለጫፍ ሲገጣጠሙ በቆዳ ላይ የሚተወው ክፍተትም በእጅ ይሰላል፤ ጨረሩ ወደ ታች ሲወርድ ይሰፋልና። የየፊልዱን ግማሽ ርዝመት በጥልቀቱ አባዢ፣ ለርቀቱ አካፍዪ፣ ሁለቱን ደምሪ። ለምሳሌ ጀርባ ላይ 30 እና 20 ሴንቲሜትር ፊልዶች፣ ኅብለ ሰረሰሩ 6 ሴንቲሜትር ላይ፣ ርቀቱ 100፦ 0.9 ሲደመር 0.6፣ ማለትም 1.5 ሴንቲሜትር። ክፍተቱ ካልተተወ መደራረቡ የሚያርፈው በትክክል ሰረሰሩ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ በባሕር ጠረፍ አገር የተጻፉ ማስታወሻዎች ላይ ቸል የሚባል ለእኛ ደጋ ግን የሚያስፈልግ ነገር ልጨምር። የጨረር መለኪያው ቻምበር ውስጡ አየር ነው፣ ክፍት ስለሆነ የአካባቢውን አየር ነው የሚይዘው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ንባቡም ይቀንሳል። ስለዚህ ንባቡ በ101.3 ኪሎፓስካል ተባዝቶ ለቦታው ግፊት ይካፈላል፤ የሙቀት ማስተካከያም አለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ግፊቷ 75 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፣ ማባዣው 1.35 ይሆናል። እኛ ቆላ ቢጤዎቹ ኮምቦልቻ ላይ 81 አካባቢ ስለሆንን 1.25። ያው መለኪያ፣ ያው ጨረር፣ ሐረጎን ወረድ ስትዪ ብቻ 8 በመቶ ልዩነት! ወጥመዱ ደግሞ ይኸውልሽ፦ ግፊቱን ከአየር ማረፊያ ጠይቆ የሚያመጣ አለ። አውሮፕላኖች የሚነገራቸው ብዙ ጊዜ ወደ ባሕር ወለል የተመለሰው ቁጥር ነው፣ 101 ወይም 102 ምናምን። እሱን ከከተትሽ ማባዣው 1 ይሆንና ማሽኑ ከትክክለኛው በጣም ያነሰ የሚሰጥ ይመስልሻል፤ «አስተካክላለሁ» ብሎ ከፍ ያደረገው ሰው ደሴ ላይ ቢሆን በታካሚው ላይ ከሲሶ በላይ ትርፍ ጨረር ጫነ ማለት ነው። ባሮሜትሩ ክፍሉ ውስጥ ይሁን። ልኬቱ የፊዚሲስቱ ሥራ ነው፤ ግን ቁጥሩ ሲመጣ «1.02 ነው» ከተባልሽ ደሴ ላይ እንደማይሆን ማወቅ አለብሽ።


የጦሳ ልጅ (ደሴ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ሒሳቦቹን ደግሜ ሠራኋቸው፣ ልክ መጡ። አንድ ያልገባኝ አለ። የማኅፀን በር ካንሰር ላይ ከውጭ 45 ግሬይ በ25 ቀን፣ ከዚያ ብራኪቴራፒ (የጨረር ምንጩ ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚሰጥ ሕክምና) 7 ግሬይ አራት ጊዜ ይላል። ድምሩ 73 ነው። ግን ግቡ 85 ነው የሚል አየሁ። ያ 12 ከየት መጣ? ደግሞ ፕላን ክፍል፣ ጀማሪ ላይ የሚደጋገሙትን ስሕተቶች ብትዘረዝርልኝ።


ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ግሬይና ግሬይ ቀጥታ አይደመርም፣ በአንድ ቀን የሚሰጠው መጠን የተለያየ ከሆነ። ሁሉም በቀን 2 ግሬይ ቢሰጥ ስንት ይሆን ነበር ወደሚለው ይቀየራል። ጠቅላላውን መጠን፣ የቀኑ መጠን ሲደመር አልፋ ለቤታ በሚባለው ቁጥር (አካሉ በቀኑ መጠን መብዛት ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያሳይ) አባዢ፤ ለ2 ሲደመር አልፋ ለቤታ አካፍዪ። ለዕጢ አልፋ ለቤታ 10 ይያዛል። 28 ሲባዛ በ17፣ ሲካፈል ለ12፣ 39.7 ይሆናል። 45ቱ በቀን 1.8 ስለሆነ ወደ 44.3 ዝቅ ይላል። ድምር 84፣ ግቡ አጠገብ ነሽ።

አሁን ለጤነኛ አካል በ3 ሥሪው። ያው 28 ግሬይ ሙሉ በሙሉ ፊንጢጣ ላይ ቢያርፍ 56 ይሆናል፤ ከ43.2 ጋር 99። ከፊንጢጣ ብዙ ጨረር የሚያገኘው 2 ሴንቲሜትር ኩብ ገደብ 75፣ የሽንት ፊኛ 90 ነው። ስለዚህ ከብራኪው ለፊንጢጣ የቀረሽ 32 ግሬይ አካባቢ ነው፣ በየጊዜው 5 ግሬይ ብትደርስ አበቃ። ጋውዙ በደንብ ታጭቆ ፊንጢጣው ወደ ኋላ ካልተገፋ ይህ አይገኝም። ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠሽ የምታስተካክዪው ጥቂቱን ነው፤ ትልቁ ሥራ አፕሊኬተሩ (ምንጩ የሚያልፍበት ቱቦ) ሲገባ አልቋል።


ፕላን ክፍል (አዲስ አበባ)

ከሁሉ የሚደጋገመው ሺፍት ነው። በሲሙሌሽን ቀን ምልክት የተደረገው ነጥብና የፕላኑ አይሶሴንተር (ማሽኑ የሚዞርበት መሃል ነጥብ) አንድ ቦታ ላይ ካልሆኑ ልዩነቱ በሴንቲሜትር ይጻፋል፦ ግራ 3፣ ወደ ራስ 2፣ ወደ ላይ 1.5 እንደማለት። «ግራ» የታካሚዋ ግራ ነው ወይስ አልጋው ወደ ግራ ይሂድ? ይህ ካልተለየ 3 ሴንቲሜትር ወደ ተቃራኒው ይኬድና ስሕተቱ 6 ይሆናል። ጥሩ ክፍል ሁሉ አንድ አጻጻፍ መርጦ ፎርሙ ላይ ያትመዋል። በመጀመሪያው ቀን ምስል ሳይነሣና ከፕላኑ ጋር ሳይነጻጸር ጨረር አይለቀቅም።

ሁለተኛው የምስል ምርጫ ነው። አንዲት ታካሚ ምስሉን በሚያጎላ መድኃኒት (ኮንትራስት) እና ያለ መድኃኒት ሁለት ሲሪስ (የምስል ስብስብ) ይኖራታል። ሐኪሙ በመድኃኒት ባለው ላይ ይሥላል፣ ስሌቱ ግን ያለ መድኃኒቱ ላይ ነው መሆን ያለበት፤ አዮዲኑ ሃውንስፊልዱን (ሲቲው ለእፍጋት የሚሰጠውን ቁጥር) ከፍ ስለሚያደርገው ኮምፒውተሩ አጥንት ያገኘ ይመስለዋል። ያለው አንዱ ሲሪስ ብቻ ከሆነ የፊኛውንና የአንጀቱን እፍጋት በእጅ ወደ ውኃ መመለስ ነው። የብረት ጥርስና የዳሌ ብረትም እንዲሁ፤ ዙሪያቸው ያለው ጥቁርና ነጭ ጭረት እውነተኛ ሥጋ አይደለም። አንቺ ሲቲ ስለምታውቂ ይህን ከሌላው ቶሎ ታዪዋለሽ።

አልጋው። የካርቦን ፋይበሩ አልጋ በስሌቱ ውስጥ ካልገባ ከሥር የሚመጣው ጨረር ጥቂት በመቶ ይጎድልበታል። የምርመራ ሲቲው አልጋ ደግሞ ሳይሰረዝ ቀርቶ ሲሰላ አይተናል።

ጡት ላይ፣ ታንጀንቱን (ጡቱን በጎን የሚያቋርጠውን ፊልድ) እና የአንገት ሥሩን ፊልድ በአንድ አይሶሴንተር አጋጥሞ ግማሽ ጨረሩን መዝጋት ምርጥ ዘዴ ነው፣ መገናኛው ላይ መስፋት ስለሌለ። ነገር ግን ማሽኑ ሙሉ ፊልድ የሚከፍተው 40 ሴንቲሜትር ከሆነ ግማሹ 20 ነው። የታካሚዋ የጡት ርዝመት ከ20 ከበለጠ ይህ ዘዴ አይሠራም፣ ሁለት አይሶሴንተር ያስፈልጋል። ይህን ሲሙሌሽን ክፍል ውስጥ በሜትር ለክቶ ማወቅ ሁለት ቀን ሥራ ያድናል።

ከእናንተ በኩል ለሚመጡ ታካሚዎች በተለይ፦ ሲሙሌሽን ተነሥቶ ተራ እስኪደርስ ወደ ወሎ የሚመለስ አለ፣ 400 ኪሎሜትር ነውና አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ መጠበቅ ለሁሉም አይቻልም። ሲመለሱ ክብደት ቀንሶ ራስን የሚይዘው ማስክ ላልቷል፣ ወይም የሆዱ ቅርጽ ተለውጧል። ከቆዳ እስከ ምንጭ ያለው ርቀት ከፕላኑ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ከተለየ «ትንሽ ነው» ብሎ ማለፍ የለም፤ ሲቲው እንደገና ይነሣል። የማኅፀን በር ታካሚ ከሆነች ደግሞ ከውጭ ጨረሩ መጀመሪያ እስከ ብራኪው መጨረሻ 8 ሳምንት ማለፍ የለበትም። ደሴ ያለ ባለሙያ ታካሚዋ ስትላክ ማረፊያ እንድታዘጋጅ አስቀድሞ ቢነግራት ፕላን ክፍል ሆነን ከምንሠራው ያላነሰ ይሠራል።


ሐይቅ በር (ደሴ)

ስለ ሲኤምዲው የተመለሰ የለም። ፈተናውን የሚሰጠው የአሜሪካው ቦርድ ኤምዲሲቢ ነው። ከ2017 ወዲህ (በፈረንጅ) ባችለር ዲግሪና ጄአርሲኢአርቲ የተባለው የአሜሪካ ዕውቅና ሰጪ ድርጅት ዕውቅና ከሰጠው ቢያንስ የ12 ወር ፕሮግራም መመረቅን ይጠይቃል። ሥራ ላይ ተለማምዶ ብቻ መፈተን ያኔ ቀርቷል። ስለዚህ ሥልጠናው ሆስፒታል ውስጥ መሆኑ ችግር የለውም፣ አሜሪካ ውስጥም እንዲያ ያሉ አሉ፤ ጥያቄው ዕውቅናው አለው ወይ ነው። ያለ ዕውቅናው የሚሰጥ የምስክር ወረቀት ለሥራው ይጠቅምሽ ይሆናል እንጂ ለዚያ ፈተና አያበቃሽም። ክፍያ ከመፈጸምሽ በፊት የፕሮግራሙን ስም በራሱ በጄአርሲኢአርቲ ዝርዝር ላይ ፈልጊ፤ «ሂደት ላይ ነን» የሚል መልስ ዕውቅና አይደለም።

እዚህ አገር ፕላኑን በብዛት የሚሠራው ሜዲካል ፊዚሲስቱ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የሜዲካል ፊዚክስ ማስተርስ ደግሞ የፊዚክስ መሠረት ላለው ሰው ነው። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ስትመለሺ በየትኛው የሥራ መደብ እንደምትቀመጪ ከቀጣሪሽ በጽሑፍ ያዢ። ፕሮግራሙንም ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ሠልጣኝ ራሱ ኮንቱር (የአካላቱን ወሰን) ይሥላል ወይስ ቆሞ ያያል? ብራኪቴራፒ አለ? የሠልጣኙን ፕላን ማን ይፈርማል? ሁለተኛውን «የለም» ካሉሽ፣ ወሎ ላይ ከምታያቸው ታካሚዎች አንጻር ሥልጠናው ጎደሎ ነው።


ፕላን ክፍል (አዲስ አበባ)

ሶፍትዌሩ ቀርቶ ነበር። የሆስፒታሎቹ ሲስተም በፈቃድ ስለሚሸጥ ቤትሽ አታገኚውም፣ አዝራሩን ደግሞ በሁለት ሳምንት ትለምጂዋለሽ፤ ለእሱ አትጨነቂ። ኮንቱር ግን አሁኑኑ ጀምሪ። ስሪዲ ስላይሰር ነጻ ነው፣ ስላይሰርአርቲ የሚባለውን ተጨማሪ ጫኚበት፣ ዲቪኤች ያወጣልሻል። ከዚያ ማትራድ የሚባል ነጻ መሣሪያ አለ፣ ለታካሚ አይውልም፣ ለትምህርት ግን የጨረር አቅጣጫ ቀይረሽ መጠኑ እንዴት እንደሚዞር ያሳይሻል። ላፕቶፑ 16 ጊጋባይት ራም ቢኖረው ያንቀሳቅሰዋል።

ምስሉን ከምትሠሪበት ሲቲ በፍላሽ ይዘሽ እንዳትወጪ፣ ስም ቢጠፋ እንኳ። ቲሲአይኤ የተባለው የካንሰር ምስሎች ክምችት ላይ በነጻ የተለቀቁ፣ ኮንቱራቸውም አብሮ ያለ አሉ። አንድ የዳሌ ምስል አውርጂ፣ የእነሱን ኮንቱር ደብቂና ፊኛ፣ ፊንጢጣና የጭኑን ራስ አጥንቶች ሥዪ፤ ከዚያ ገልጠሽ አነጻጽሪ። ስላይሰሩ ዳይስ የሚባል ቁጥር ይሰጥሻል፣ 1 ፍጹም መግጠም ነው። ፊኛ ላይ 0.9 ታልፊያለሽ፤ ፊንጢጣ ላይ ዝቅ ካለብሽ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ላይኛውና ታችኛው ጫፍ ላይ ነው፣ እሱን ብቻ ደጋግሚ። ከዳሌ በኋላ ደረት፣ ራስና አንገት መጨረሻ ላይ ይሁን።

የጨረር መከላከያ ሽርጥሽን ግን ደሴ ተይው። እሱ ለራጅ ነው፤ በሜጋቮልት ጨረር ፊት የግማሽ ሚሊሜትር እርሳስ ምንም አያደርግም፣ የሚጠብቅሽ ወፍራሙ የኮንክሪት ግድግዳና የበሩ መቆለፊያ ነው። የሚደርስብሽን ጨረር የሚለካውን ባጅ ግን አትርሺው።